ዋይ የጎደለው መግቢያ

አትላንታ ውስጥ ፀደይ ሲገባ አየሩ ራሱ ቢጫ ይሆናል። የጥድ ዛፎቹ ብናኛቸውን ይለቁና መኪናው፣ የበሩ እጀታ፣ የሰው ቅንድብ ሳይቀር ቢጫ ይለብሳል። ሌላው ሰው ያስነጥሳል፤ እኔን እንቅልፍ ይጥለኛል። ባሌ የአለርጂው ኪኒን ነው ይላል። ይበል። በዚያ ሰሞን ቆሜ የሠራሁትንና ተኝቼ ያየሁትን ዛሬም አንዳንዴ እየደባለቅኩ አወራለሁ፤ ያቺን ቅዳሜ ግን አልደባልቃትም።

ኮንየርስ ካለው መጋዘን የማለዳ ሺፍቴን ጨርሼ ሊቶኒያ ቤታችን ገባሁና ጫማዬን በቅጡ ሳላወልቅ ሶፋው ላይ ተዘረጋሁ። መስኮቱ ክፍት ነበር። የጎረቤት ሣር ማጨጃ ከሩቅ ያጉረመርማል። ላፕቶፑ ሆዴ ላይ ነው፤ እሱም ይሞቃል፣ እኔም እሞቃለሁ፣ በመሃል ጭልጥ አልኩ። በሕልሜ አንድ ረጅም ኮሪደር ውስጥ ነኝ። ግራና ቀኝ በር ብቻ ነው። ከአንዱ በር ውጭ የሆነ ሰው ቆሞ ያንኳኳል፤ ከየትኛው እንደሆነ ግን አላውቅም። ማነው ልል እፈልጋለሁ፣ አፌ እሺ አይለኝም። የሚያንኳኳው ሰው ደግሞ ጨዋ ነው። አንኳኩቶ ይጠብቃል፣ ይጠብቃል፣ ከዚያ ትንሽ ብቻ ይደግማል። ስነቃ ላፕቶፑ ከሶፋው ሊወድቅ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

ስለዚህ ላፕቶፕ ልንገራችሁ። እኔና ባሌ ዲቪ ደርሶን የመጣን ሰዎች ነን። እሱ ታክሲ ይነዳል፣ እኔ መጋዘን ውስጥ ዕቃ አሽጋለሁ። አንድ ዓመት ምን እንደነካን እንጃ፣ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብተን አብረን ፕሮግራሚንግ ተማርን። ከክፍሉ ሁሉ መምህሩ ፊት የሚጨቃጨቅ ተማሪ እኛ ብቻ ነበርን። ተምረን የሠራነው ነገር አንዲት ዌብሳይት ነች። መኪና የሌለው የሰፈራችን ሰው ሐኪም ቤት ቀጠሮ ሲኖረው ይገባና የሚያደርሰው ሰው እንደሚፈልግ ይጫናል። ሾፌሮቹ ስልካቸው ላይ ያዩታል፤ የሚመቸው ሰው «እኔ አለሁ» ይላል። ሁሉም በነፃ ነው።

እውነቱን ለመናገር ግን ዌብሳይቷን ለሰፈሩ አልሠራናትም። የሠራናት ለአንድ ሰው፣ ለጋሼ ነው።

ጋሼ ስኮትዴል አፓርትመንት ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ልጆቻቸው ሲያትል ናቸው። የሥጋ ዝምድና የለንም፤ እዚህ አገር የገባን ቀን ኤርፖርት የተቀበሉን፣ ቤት እስክናገኝ አልጋቸውን ለቀውልን እሳቸው ሳሎን የተኙ ሰው ናቸው። ለሰው ቤት መሆን ምን እንደሆነ የተማርኩት ከእሳቸው ነው። ኋላ ኩላሊታቸው ሥራ አቆመ። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ደማቸው በማሽን ይታጠባል። ዓይናቸው ስለደከመ መንዳትም ትተዋል።

መጀመሪያ በስልክ ነበር የምናደርገው። ማለዳ እደውላለሁ። «ጋሼ፣ ዛሬ ማን ይውሰድዎት?» እላለሁ። «ኧረ ተይ አትቸገሪ፣ ሰው አግኝቻለሁ» ይላሉ። ምን ያገኛሉ! አንድ ቀን ባሌ እጥበት ያለባት ክሊኒክ በር ላይ ተሳፋሪ አውርዶ ሲዞር ጋሼን አውቶቡስ ፌርማታ ላይ አገኛቸው፤ ክንዳቸው ላይ ፋሻው እንደታሰረ፣ የብረት ምሰሶውን ተደግፈው። «ያገኙት ሰው የታለ?» ቢላቸው «አሁን ሄደ» አሉት። እንዲህ ናቸው። ይሉኝታ ሰው ይገድላል ሲባል ሰምቼ አላውቅም፤ እሳቸውን ሳይ ግን ይችላል እላለሁ። ዌብሳይቷን ያሰብናት ለዚህ ነው፤ የማንንም ድምፅ ሳይሰሙ፣ ማንንም «እባክህ» ሳይሉ ጣታቸውን ብቻ እንዲጫኑ።

ያስተማርናቸው ቀን አይረሳኝም። ስልካቸውን ከዓይናቸው አራቅ አድርገው ያዙና የመግቢያውን ቁልፍ አነበቡ። ባሌ «ግባ» ብሎ ጽፎበት ነበር።

«ግባ?» አሉ። «ማን ነው ግባ የሚለኝ?»

«ማንም አይደለም ጋሼ፣ ኮምፒዩተር ነው» አለ ባሌ።

«ኮምፒዩተር ከሆነማ ጭራሽ ነው። ዕድሜው ስንት ነው?»

እዚያው ቁጭ ብለን «ይግቡ» ብለን ቀየርነው። ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ወደ ኩሽና ሄድኩ። ስመለስ ጋሼ ስልኩን ከአፋቸው ፊት ይዘው፣ ሰው ደጃፍ እንደቆመ ሰው ጉሮሯቸውን ጠርገው «ቤቶች!» አሉ። ከዚያ ጠበቁ።

«ጋሼ፣ መጥራት አያስፈልግም፣ ዝም ብለው ይጫኑ» አልኳቸው።

«ሳልጣራ ሰው ቤት? ደግሞም መልስ ከሌለበት ቤት ሰው አይገባም፣ ዞሮ ይሄዳል እንጂ።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ሁልጊዜ እንደዚያው ነበሩ፤ «ቤቶች!» ይላሉ፣ ይጫናሉ፣ ጉዳያቸውን ሲጨርሱ ደግሞ «ይውጡ» የሚለውን ተጭነው ሎግ አውት ያደርጋሉ። እኛ ማናችንም ሎግ አውት አናደርግም፤ አንዴ ከገባን ገባን ነው። እሳቸው «በር ከፍቶ የሚሄድ ባለጌ ነው» ይላሉ። እዚህች ላይ ያዙልኝ፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚህች ጨዋነት ነው።

ወደ ቅዳሜው ልመለስ። ከእንቅልፌ ነቅቼ ዓይኔን እያሻሸሁ ላፕቶፑን ከፈትኩ። ሁልጊዜ ከሥራ ስመለስ ዌብሳይቷን አያታለሁ፤ ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ምን ተሳሳተ፣ ሁሉም እዚያ ላይ ይታያል። ዓይኔ ላይ የቢጫው ብናኝና የሕልሙ ርዝራዥ ነበር። መስመሮቹ ይደበዝዙብኛል። አንድ ስልክ ከጠዋት ጀምሮ ሊገባ ሞክሮ ተመልሷል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሞክሯል፤ ተመልሷል። ከዚያ ረጅም ዝምታ አለ። ከዚያ አንዴ ብቻ፣ ከዚያ ምንም የለም። ያ ጨዋ አንኳኪ እኮ ነው፣ አልኩ ለራሴ።

ቀጥዬ ያየሁት ስህተቱን ነው። ነገሩን እንዲህ ላስረዳ። ዌብሳይት ሰው ሲመጣባት ደጃፍ ላይ ዘበኛ አላት በሉ። የመጣው ሰው አድራሻ ይናገራል፤ ዘበኛው የተነገረውን አድራሻ ያውቀው እንደሆነ ወደ ክፍሉ ይመራዋል፣ ካላወቀው ይመልሰዋል። አይከራከርም፣ «ምናልባት እነ እገሌን ፈልገህ ነው?» አይልም። አንድ ፊደል ከጎደለ አልቆለታል። ስሙ ራውቲንግ ነው፤ እኛ ቤት ግን ዘበኛው ነው የሚባለው።

የመግቢያውን አድራሻ «መግቢያ» ብለን ነበር የሰየምነው፣ በእንግሊዝኛ ፊደል። ለዘበኛው የነገርኩት እኔ ነኝ፤ እኔ መግቢያን ስጽፍ መጨረሻው ላይ፣ ከኤዋ በፊት፣ ዋይ የምትባለው ፊደል አለችበት። ባሌ ደግሞ አርብ ዕለት ተሳፋሪ ቀዝቀዝ ብሎበት ነበርና መግቢያውን አሳምራለሁ ብሎ ቅጹን እንደ አዲስ ጻፈው። እሱ መግቢያን ሲጽፍ ዋይ የለችም። እሱ «መግቢያ» ይላል፣ እኔም «መግቢያ» እላለሁ፣ ጆሮ አይለየውም፤ ዘበኛው ግን ጆሮ የለውም። ስልክ ቁጥር ሞልቶ «ይግቡ» የተጫነ ሰው ሁሉ ዘበኛው የማያውቀው አድራሻ ተሰጥቶት ይሄዳል ማለት ነው። እኛና ሾፌሮቹ ከድሮ ጀምሮ እንደገባን ነን፤ በመግቢያው አላለፍንም፣ ስለዚህ አላየነውም። ከሰፈሩ ሁሉ በር ዘግቶ የሚሄድ አንድ ሰው ብቻ ነው።

«አንተ ሰውዬ!» ብዬ ጮህኩ። ባሌ ደጅ መኪናውን እያጠበ ነበር። «ዋይዋን የት አደረስካት?»

«የምን ዋይ?» አለ ስፖንጁን ይዞ እየገባ።

«የመግቢያን!»

«መግቢያ ላይ ምን ዋይ አለ?»

«‘ያ’ን ስትጽፍ በምን ትጽፋለህ ታዲያ? በስመአብ! በዋይ ነዋ!»

«ኢትዮጵያን በዋይ ነው እንዴ የምትጽፊው?»

ይኼ አሁን መልስ የሌለው ነገር ስለሆነ ጭራሽ አናደደኝ። የእኛ ሰው ነገር እንዲህ ነው። የእኔና የታላቅ ወንድሜ የአባታችን ስም በፓስፖርታችን ላይ አይመሳሰልም፤ ወንድሜን ላስመጣ ፎርም ስሞላ የአንድ አባት ልጆች መሆናችንን ለማስረዳት ያየሁትን አበሳ እኔ ነኝ የማውቀው። እና ለባሌ ይህንን ልዘረግፍለት አፌን ስከፍት፣ የምንጨቃጨቅበት ሰዓት እንዳልሆነ ገባኝ። ቅዳሜ ነው። የጋሼ እጥበት እኩለ ቀን ላይ ነበር። እኩለ ቀን አልፏል። ስልኬን አንስቼ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ?»

«እግዜር ይመስገን። አንቺስ? ያ ባልሽስ ደህና ነው?»

«ደህና ነን። ጋሼ፣ እጥበት ሄደዋል?»

«አይ፣ ዛሬ እንኳን ቀረሁ።»

«ለምን?»

«ሰው አልተገኘማ።»

«ማን አለ አልተገኘም?»

«ዌብሳይታችሁ ነዋ ያለኝ። ‘የፈለጉት አልተገኘም’ አለኝ። ቆይቼ ደግሜ ብጫን አሁንም አልተገኘም። ቅዳሜ አይደል እንዴ፣ ሰው ሥራ አለው፣ ልጅ አለው። ምን ችግር አለው፣ ማክሰኞ ይደርሳል።»

ሞት ይርሳኝ! አድራሻው ሲጠፋ የሚወጣውን ጽሑፍ የጻፈው ባሌ ነው፤ ፈረንጆቹ የሚጽፉትን ወደ አማርኛ መልሶ፣ በ«እርስዎ» አድርጎ፣ «የፈለጉት አልተገኘም» ብሎ። አንብቤ «ጎበዝ፣ ጨዋ ነው» ያልኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ገጽ አልተገኘም ለማለት ነው። እሳቸው ግን ምን ፈልገው ነው የገቡት? ሰው ነዋ! ሰው አልተገኘም አለቻቸው። በየቃሉ መሃል ትንፋሻቸው ሲቆረጥ ይሰማኛል። ከሐሙስ እስከ ማክሰኞ ደሙ ሳይታጠብ የሚቆይ ሰው ምን እንደሚሆን እኔም ባሌም እናውቃለን።

«ከወንበርዎ እንዳይነሱ፣ መጣን» አልኩና ዘጋሁት።

መኪናው ላይ ገና ሳሙና ነበር። ባሌ ነዳ። መንገዱ ሁሉ በቢጫ ጭጋግ ተሸፍኖ፣ መኪኖቹ ድምፅ የሌላቸው ይመስል ከጎናችን ያልፋሉ። አሁንም ሕልሙ ውስጥ ያለሁ መሰለኝ፤ በሩን አገኘሁት፣ ግን መድረስ አልቻልኩም። ባሌ አንዴ ብቻ «እኔ እኮ ማሳመሬ ነበር» አለ። ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ ነበር። እጄን ጉልበቱ ላይ አደረግኩለት።

ጋሼ በሩን ገርበብ አድርገውት ነበር። ኮታቸውን ለብሰዋል፣ ጸጉራቸው ተበጥሯል፣ ማሽኑ ላይ ሲሆኑ ስለሚበርዳቸው የሚወስዱት ብርድ ልብስ ታጥፎ ከረጢት ውስጥ እግራቸው ሥር ተቀምጧል። ከጠዋት ጀምሮ እንደተዘጋጁ ናቸው። ኮት ለብሰው ነጠላ ጫማ አድርገዋል፤ እግራቸው አብጦ ጫማው እምቢ ብሏቸው ነው።

«ለምን አልደወሉልንም ጋሼ?» አልኩ። ልቆጣ ነበር፣ እንባዬ ቀደመኝ።

«እንዴት ብዬ? ቤቶች አልኩ። መልሱ አልተገኘም ነው። ደጋግሞ ማንኳኳት ነውር አይደል?» አሉና ደግሞ፣ እኔን ለማጽናናት ይመስል፣ «እናንተ ደጋግ ናችሁ፤ ሰው ሁልጊዜ አይገኝም» አሉ።

ባሌ ከረጢቱን በአንድ እጁ፣ ጋሼን በሌላው ይዞ ደረጃውን አወረዳቸው። ክሊኒኳ ስንደርስ ነርሷ እግራቸውን በጣቷ ጫን አድርጋ አየች፤ የጣቷ ጉድጓድ አልመለስ አለ። ደረታቸውን አዳመጠች፣ ሐኪም ጋ ደወለች፣ አንድ ወንበር በመጨረሻ ዙር ክፍት ነበርና እዚያ አስተኛቻቸው። ከዚያ ወደ እኔ መጥታ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ማክሰኞን ቢጠብቁ ኖሮ ልባቸው ላይችል ይችል ነበር አለችኝ። እኔ አመሰገንኳትና ወጥቼ መኪና ማቆሚያው ጥግ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ቢጫው ብናኝ ፊቴ ላይ ጭቃ ሆነ።

ተመልሼ ስገባ ባሌ መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ፀሐይዋ አዘቅዝቃ በመስታወቱ እየገባች ነው። በውስጠኛው መስታወት ጋሼ ብርድ ልብሳቸውን እስከ አገጫቸው ስበው ተኝተዋል። ማሽኑ ቀስ ብሎ ይዞራል። ያ ክፍል ውስጥ ማንም ጮክ ብሎ አያወራም፤ ሁሉም ሰው ግማሹ የተኛ ይመስላል።

«የኔን አጥፍቼ ባለ ዋይውን ላድርገው» አለ ባሌ። ይህ ሰው ካገባኝ ጀምሮ በክርክር እጁን ሲሰጥ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው፤ ደስ ግን አላለኝም።

«ተወው። ሁለቱም ይኑር» አልኩት።

ዘበኛው ሁለቱንም እንዲያውቅ አደረግን። ባለ ዋይውም ቢመጣ፣ ዋይ የሌለውም ቢመጣ ያው አንድ ክፍል ይገባል። ከዚያ ነገሩ ጣመን። የኔ እናት ብትጽፈው እንዴት ትጽፈዋለች? መጨረሻው ላይ ሁለት ኤ ታደርጋለች። አክስትህስ? እሷ መሃሉ ላይ አንድ ኢ ትጨምራለች። እየሳቅን፣ አፋችንን በእጃችን እየያዝን፣ የአገራችን ሰው መግቢያን ሊጽፍ የሚችልበትን መንገድ ሁሉ ለዘበኛው ነገርነው። ትምህርት ቤት ብናቀርበው መምህሩ እንዲህ አይሠራም ይለን ነበር። ይበለን።

«አልተገኘም» የሚለውን ቃል ከዌብሳይቷ ጠራርጌ ያወጣሁት እኔ ነኝ። በምትኩ «ስህተቱ የእኛ ነው፣ መጣን» ብዬ ጻፍኩ። ይደውሉልን ማለት ለጋሼ ዋጋ የለውም፣ እንደማይደውሉ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ዘበኛው አንድ ሰው ሲመልስ የእኛ ስልክ እንዲጮህ ባሌ ሠራው። መጨረሻ ላይ ስለ አንዲት ነገር ብዙ አሰብኩና ከመግቢያው ቁልፍ በላይ በትልልቁ ሁለት ቃል ጨመርኩ።

ማክሰኞ ማለዳ እኔ ኮንየርስ ሥራ ላይ ነበርኩ። ባሌን በጊዜ ልኬው ነበር፤ ዌብሳይቷ ዳግም ብትከዳን እንኳ ሰው ደጃፋቸው ላይ እንዲኖር። ብሬክ ላይ ወጥቼ የጭነት መኪናዎቹ ጥላ ውስጥ ቆሜ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ዘበኛው ሰው የመለሰ መስሎኝ ነበር። ባሌ ነው፤ በሹክሹክታ ነው የሚያወራው።

«በሩ ላይ ነኝ። አላንኳኳሁም። ስልካቸውን እየነካኩ ነው፣ ዝም ብለሽ ስሚ» አለና ስልኩን በሩ ላይ ለጠፈው መሰለኝ።

መጀመሪያ የራሴን ትንፋሽ ብቻ ነበር የሰማሁት። ከዚያ ከሩቅ፣ ከበሩ ወዲያ፣ ጉሮሮ ተጠረገ። «ቤቶች!» አሉ ጋሼ። ቀጥሎ እንደ ተማሪ፣ ፊደል በፊደል እያነበቡ፣ «አለን... ይግቡ» ሲሉ ሰማሁ።

የሚጫኑ መሰለኝ። አልተጫኑም ገና።

«እሰይ፣ አላችሁ እንዴ!» አሉ። «እንደምን አደራችሁ?»

«እግዜር ይመስገን፣ ደህና አደርን ጋሼ» አልኩ፣ እንደማይሰሙኝ እያወቅኩ፣ መጋዘኑ ደጅ ላይ ብቻዬን ቆሜ።